የዕቁብ ብሬን ለሮቦት ልስጠው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ የልጆች ልብስ ሱቅ አለችኝ። በየ15 ቀኑ 2 ሺህ ብር የሚጣልበት፣ 40 ዕጣ ያለው ዕቁብ ገብቼ ነበር፤ ባለፈው ወር ዘጠነኛው ዕጣ ለእኔ ወጣና 80 ሺህ ብር ተቀበልኩ። ሐሳቤ ለበዓል ዕቃ መጨመር ነበር። በበዓል ሰሞን ይህን ያህል ዕቃ ካስገባሁ፣ በሁለት ወር ውስጥ ወጪዬ ሁሉ ተችሎ 14 ሺህም 15 ሺህም ብር ይተርፈኛል።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ ሥራ ግን ገና አላገኘም። በቴሌግራም ያገኘው፣ በኢንተርኔት ወርቅ የሚገበያይ ሮቦት አለው። ሰው ሳይነካው ራሱ ይገዛል፣ ራሱ ይሸጣል ይላል። ያለፈውን ሁለት ዓመት ገበያ አስገብቶ ሲፈትነው መስመሩ ሽቅብ ብቻ ነው የሚሄደው፤ እኔንም አሳይቶኛል። «እታለም፣ ብሩን ወደ 500 ዶላር ቀይረን እናስገባው። በወር 20 በመቶ ያመጣል። ሱቅ ተገትሮ መዋል ይቀርልሻል» እያለ ይለምነኛል። ያ ካልሆነ ደግሞ ሮቦቱን ያገኘበት የቴሌግራም ግሩፕ ራሱ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ስለሚያሠራ እነሱ ጋ እናስቀምጥ ይላል። ወንድሜ ዋሾ አይደለም፣ ከልቡ አምኖበት ነው። እናቴ በበኩሏ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትለኛለች። በእርግጥ በዚህች ገንዘብ ይህን ያህል ማትረፍ ይቻላል? ካልተቻለስ ወንድሜን ሳላስቀይም እንዴት እምቢ ልበለው?

ሰ. ነኝ፣ ከሐዋሳ

ውድ እህቴ፣

እንኳን ዕቁቡ ወጣልሽ። ብሩን ለሮቦቱም ለግሩፑም አትስጪ።

ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ። «ማጭበርበር ነው» ብዬ ብቻ ባልፈው ወንድምሽ አይሰማሽም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። ሮቦት የሚባለው ነገር በርግጥም አለ። «ዋጋው እዚህ ሲደርስ ግዛ፣ እዚያ ሲደርስ ሽጥ» ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። በዓለም ትልልቅ ገበያዎች ላይ ብዙው ግብይት ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ነው የሚካሄደው። ፕሮግራሙ አይደክመውም፣ አይደነግጥም፣ የታዘዘውን ይሠራል። እዚህ ድረስ ወንድምሽ ልክ ነው። እኔ የምጠይቀው ያ 20 በመቶ ከየት እንደሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን እንየው። 80 ሺህ ብር በወር 20 በመቶ እያደገ ትርፉም ሳይነካ ቢቀመጥ፣ በዓመቱ 713 ሺህ ብር ይሆናል። ደስ ይላል። በሁለት ዓመት ከ6 ሚሊዮን ያልፋል። በአምስት ዓመት ደግሞ ከ4.5 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቶ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። እና የአንቺ አንድ የዕቁብ ዕጣ በአምስት ዓመት ከዚያ ይበልጣል ማለት ነው! ወንድምሽ ስልኩ ላይ ይህንኑ አባዝቶ ይየው። «በወር 20 በመቶ» ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ሲባዛ ነው ጉዱ የሚታየው።

አሁን ደግሞ የዓለምን አንደኛ ሮቦት እንይ። አሜሪካ ውስጥ ሬኔሳንስ የሚባል ድርጅት አለ። መሥራቹ ጂም ሲመንስ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ። ሜዳልየን የሚባለው የድርጅቱ ፈንድ (የሚያሠራው የገንዘብ ቋት) ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ነው የሚገበያየው። የቀጠራቸውም የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኮምፒውተር ምሁራን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2018 ይህ ፈንድ ድርጅቱ ለራሱ የሚወስደው ክፍያ ተቀንሶ በዓመት በአማካይ 39 በመቶ ገደማ አስገኝቷል። በታሪክ ከዚህ የተሻለ ብዙም አይታወቅም። ወደ ወር ብትቀይሪው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ደግሞ እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1993 «ከውጭ ሰው ገንዘብ አንቀበልም» ብለው በራቸውን ዘጉ። የሚያተርፍ ሮቦት ያለው ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። እሑድ ማታ በቴሌግራም «ቦታ ሊሞላ ነው፣ ፍጠኑ» እያለ የሰው በር አያንኳኳም።

እንግዲህ ዓለም ላይ አሉ የተባሉት ምሁራን በወር 3 በመቶ ካልሞሉ፣ የወንድምሽ ሮቦት 20 እንዴት አሳየ? መልሱ አንድ ነው፤ በብድር።

ሌቨሬጅ ይሉታል። ብሮከሩ (ግብይቱን የሚያገናኝልሽ ድርጅት) አንቺ ካስገባሽው በላይ እጥፍ ድርብ አድርጎ እንድትገበያዪ ይፈቅድልሻል። እኛ አካባቢ ላለ ሰው 1 ለ 500 የሚሰጡ ሞልተዋል። እንዲህ አስቢው። በ80 ሺህ ብርሽ ሐይቁ ዳር የ40 ሚሊዮን ብር ሕንፃ ገዛሽ። ቀሪውን ያበደረሽ ሰው ግን አንድ ውል አስፈርሞሻል፦ የሕንፃው ዋጋ በ80 ሺህ ብር የወረደ ዕለት ሳይጠይቅሽ ይሸጠዋል፣ አንቺም ባዶ እጅሽን ትወጫለሽ። 80 ሺህ ብር ከ40 ሚሊዮን ላይ 0.2 በመቶ ነው። ወርቅ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንኳ ከዚያ በላይ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል።

ወንድምሽ «ሙሉውን መጠቀም ግዴታ አይደለም» ይልሻል። እውነቱን ነው። ግን ካልተጠቀመበት 20 በመቶው አይመጣም። ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ብድር ለተራ ሰው በዋና ዋና ገንዘቦች 1 ለ 30፣ በወርቅ 1 ለ 20 ብለው የገደቡት ጉዳቱን አይተው ነው። ያኔ ይፋ ባደረጉት መረጃ፣ በእንዲህ ዓይነት ግብይት ከሚገቡ ተራ ሰዎች ሂሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶው ከሳሪ ነበር። ዛሬም እዚያ ያሉ ብሮከሮች «ከደንበኞቻችን ይህን ያህሉ ይከስራል» ብለው ገጻቸው ላይ እንዲጽፉ ይገደዳሉ። ወንድምሽ የሚጠቀምበት ብሮከር የአውሮፓ ገጽ ካለው ከፍታችሁ አንብቡት።

የወንድምሽን ሮቦት አላየሁትም። ግን መስመሩ ሽቅብ ብቻ የሚሄድ የቴሌግራም ሮቦት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማርቲንጌል የሚባለውን ዘዴ ነው። አሠራሩን በራሱ በወርቅ ላሳይሽ።

ወርቅ ላይ ትንሿ ግብይት 0.01 ሎት ናት፤ አንድ አውንስ ማለት ነው። ሮቦቱ አንድ አውንስ ይገዛል። ዋጋው 2 ዶላር ከወጣ 2 ዶላር አገኘ፣ ይሸጣል፣ ጨረሰ። 2 ዶላር ከወረደ ግን ኪሳራውን ለማካካስ ቀጣዩን በእጥፍ ይገባል፣ ሁለት አውንስ። እንደገና ከተሸነፈ አራት። ከዚያ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት። አንዴ ባሸነፈ ቁጥር ያለፈውን ሁሉ መልሶ 2 ዶላር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የግብይት ዝርዝሩን ስታዪው ትርፍ በትርፍ ነው፤ ሁልጊዜ አሸናፊ።

ሰባት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፍስ? ደምሪው። 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128 ዶላር፤ በድምሩ 254 ዶላር። ስምንተኛውን ለመሞከር ደግሞ 256 ዶላር ያስፈልጋል፣ ከ500ው የቀረው 246 ነው። አበቃ። ግማሹ ገንዘብ ሄዷል፣ ለማካካሻም አይበቃም። ሰባት ጊዜ ተከታትሎ መሸነፍ የማይሆን ነገር ይመስላል። ሳንቲም እንደመወርወር ብናየው ግን ከ128 ሙከራ አንዴ ይመጣል። በቀሪው 127 ጊዜ ሮቦቱ 2፣ 2 ዶላር ይሰበስባል፤ 254 ዶላር ይሆናል። ያገኘውና ያጣው እኩል ለእኩል! ትርፍ የሚመስለው ኪሳራው ገና ሳይመጣ ስለሚታይ ነው። ይህ የሚሆነው በቀን ብዙ ጊዜ ለሚገበያይ ሮቦት በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ዓመት አይጠብቅም።

ያውም ወጪውን ሳንቆጥር። በእያንዳንዱ ግብይት ላይ ብሮከሩ በመግዣና በመሸጫ መካከል ልዩነት ይወስዳል፣ ስፕሬድ ይባላል። ለአንድ አውንስ 30 ሳንቲም ነው እንበል። ሮቦቱ በቀን 20 ጊዜ፣ ያውም በትንሿ ሎት ብቻ ቢገበያይ፣ 6 ዶላር ይሄዳል። በወር 20 የግብይት ቀን ብንይዝ 120 ዶላር። ከ500 ላይ 24 በመቶ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሮቦቱ ላለመክሰር ብቻ በወር 24 በመቶ ማትረፍ አለበት! ሐዋሳ መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ሲቋረጥ እንዳይቆም በኪራይ ሰርቨር (ሌላ ቦታ ሳይጠፋ በሚሠራ ኮምፒውተር) ላይ ይጫናል፤ ለዚያም በየወሩ በዶላር ይከፈላል። ገንዘብሽ ትልቅ ቢሆን የሰርቨሩ ኪራይ አይታወቅም ነበር። በትንሽ ገንዘብ ላይ ግን ወጪ ሁሉ ይከብዳል።

«የሁለት ዓመት ገበያ ፈትኜዋለሁ» ያለው ደግሞ ትንሽ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በቅንነት የተሠራ ሥራ ነው። ግን ወርቅ በዚያ ጊዜ ምን ላይ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አንድ አውንስ 2,060 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በጥቅምት 2025 ከ4,000 ዶላር አለፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ግዛ» ብቻ የሚያውቅ ማንኛውም ፕሮግራም ጎበዝ ይመስላል። ያው ወርቅ በዚያው ወር በአንድ ቀን ብቻ ከ5 በመቶ በላይ ወረደ፤ በአውንስ ከ200 ዶላር በላይ ማለት ነው። ሦስት አውንስ ገዝቶ የነበረ ሰው ከ600 ዶላር በላይ ያጣል። አንቺ ያለሽ 500 ነው። ሦስት አውንስ ለመያዝ ደግሞ በዚያ በ1 ለ 500 ብድር 30 ዶላር እንኳ ማስያዝ አያስፈልግም፤ ሮቦቱ ያለ ምንም ችግር ይከፍተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንሽ አረጋግጪ። ወንድምሽ ወይም ግሩፑ ስክሪን ሲያሳዩሽ «ባላንስ» ከሚለው ሥር «ኢኩዊቲ» የሚል ቁጥር አለ። ባላንስ የተዘጉትን ግብይቶች ብቻ ነው የሚቆጥረው። ኢኩዊቲ ገና ያልተዘጋውን ኪሳራ ጨምሮ በእጅ ያለውን ያሳያል። ባላንሱ 640 ብሎ ኢኩዊቲው 210 ከሆነ ያለው 210 ነው። የሚለጠፉት ስክሪንሾቶች አብዛኛውን ጊዜ ለምን ከባላንሱ በታች እንደሚቆረጡ ያኔ ይገባሻል።

ስለ ግሩፑ ብዙ አልልም። እዚያ ሮቦት ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ የሚታየው ስልክ ላይ የሚጨምር ቁጥር ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት «በሮቦት እንገበያያለን፣ በወር 10 በመቶ» ብሎ ከብዙ አገር ሰዎች ቢያንስ 29,421 ቢትኮይን ሰበሰበ። በ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሰው ገንዘቤን ላውጣ ሲል ማውጣት አልተቻለም፤ ኃላፊው ኮርኔሊየስ ስታይንበርግ አገር ጥሎ ወጥቶ በኋላ ብራዚል ውስጥ ተያዘ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ማጭበርበር ብለው ከሰሱት። ለቀደመው ሰው ይከፈል የነበረው ከኋላ የገባው ሰው ያመጣው ገንዘብ ነበር። እነሱ እንኳ ቃል የገቡት 10 በመቶ ነው፤ ላንቺ የተነገረሽ 20 ነው። ሰው ስታመጪ ኮሚሽን አለው ካሉሽ፣ ገንዘብ ለማውጣትም «መጀመሪያ ታክስ ክፈይ» ከተባለ፣ ሌላ ምልክት አትፈልጊ።

ሕጉስ? «ብሩን ወደ ዶላር ቀይረን» ሲልሽ ባንክ ሄዶ አይደለም። በቴሌግራም ለማያውቀው ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ ብር ልኮ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ይገዛል። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየትና መክፈል ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ተበላሁ ብትይ ገንዘብሽን ማስመለስ ይከብድሻል። የማታውቂው ሰው ብር የገባበት ሂሳብ ሊታገድ እንደሚችልም አትርሺ፤ የሱቅሽን ገንዘብ የምታንቀሳቅሺው በዚያው ሂሳብ ነው። «የሰው ገንዘብ ተቀብለን እናሠራለን» የሚል ሁሉ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ፈቃድ ያላቸውን ባለሥልጣኑ ራሱ ያሳውቃል።

አሁን ወደ ራስሽ ልመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር አሳልፈሽዋል።

አንደኛው፣ ያ 80 ሺህ ብር ገና ሙሉ በሙሉ ያንቺ አይደለም። ዘጠነኛው ዕጣ ነው የወጣልሽ፤ 31 ዕጣ ይቀራል። 62 ሺህ ብር ገና ትጥያለሽ። ሮቦቱ ብሩን ቢበላው የዕቁቡ ዳኛ «ሮቦት በላብኝ» ብትይው አይሰማሽም። ዋሶችሽም አሉ። በኪሳራው ላይ በየ15 ቀኑ 2 ሺህ ብር ከአንድ ዓመት በላይ መጣል አለ። በተበደሩት ገንዘብ ላይ እንደገና 1 ለ 500 መበደር ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ አንቺ አሁን የምታተርፊውን አይተሽዋል? 80 ሺህ ብር አውጥተሽ በሁለት ወር 14፣ 15 ሺህ። በወር ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። የዓለም አንደኛው ሮቦት ካገኘው ሦስት እጥፍ! እየቀለድኩ አይደለም። በርግጥ ጉልበትሽ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ መከራከር፣ በዱቤ የወሰደውን ማሳደድ። ለራስሽ ደመወዝ ብትቆርጪ ትርፉ ይቀንሳል። ሱቋም ወሰን አላት፤ 8 ሚሊዮን ብር ዕቃ ብታስገቢ የሚገዛሽ የለም። ግን በትንሽ ገንዘብ ላይ ትልቅ ትርፍ ሳይበደሩና ሳይቀሙ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ የልጅ ጫማ ቁጥር በዓይን የሚያውቅ ሰው ሲኖርበት። ወንድምሽ «መገተሩ ይቀርልሻል» ያለሽ የትርፉ ምንጭ ራሱ መገተሩ መሆኑን ስላላየው ነው።

ለወንድምሽ የምትይውን ጠይቀሽኛል። «ሮቦትህ አይረባም» አትበይው። ሙግት ይጀምራል፣ እሱ ደግሞ ካንቺ በላይ ቃላቱን ያውቃል። «ብሩ የዕቁብ ነው፣ 62 ሺህ ዕዳ አለብኝ፣ ለማንም አልሰጥም» በይው። ይህ ስለ እሱ ችሎታ ምንም አይናገርም። ከዚያ ሮቦቱን በዴሞ ሂሳብ ላይ እንዲያሠራው ጠይቂው፤ ነፃ ነው፣ የውሸት ገንዘብ ነው፣ ገበያው ግን የእውነት ነው። መነሻውን 500 ዶላር አድርጎ ለስድስት ወር ያቆየው፤ በየሳምንቱ ኢኩዊቲውን ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ባላንሱን አይደለም። በራሱ ገንዘብ ልሞክር ካለም፣ ቢጠፋ የማያንገበግበው ሃያ ዶላር ይሁን። አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቂ፦ ጓደኞቹን ወደ ግሩፑ እንዳያስገባ። የራሱ ገንዘብ ቢጠፋ ይረሳል። የሰፈር ልጅ ገንዘብ ቢጠፋ ግን ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

እኔ ልጁ ሰነፍ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ገበያ ጭኖ ፕሮግራም የፈተነ ልጅ ሥራ ያጣ እንጂ ሥራ የጠላ አይደለም። ለሱቅሽ የቴሌግራም ቻናል ይክፈትልሽ፤ የገባውን ልብስ እያነሳ፣ ቁጥርና ዋጋ እየጻፈ ይልቀቅ፤ በሱ በኩል ከተሸጠው ኮሚሽን ቁረጪለት። ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ጠርቶ ዕቃ ማድረስ ከባድ አይደለም።

ብሩ ሂሳብሽ ላይ ተቀምጦ እስከቆየ ድረስ ግን ይህ ጭቅጭቅ በየማታው ይነሳል። መርካቶ የምትወርጂበትን ቀን ቶሎ ቁረጪ። እሱንም ይዘሽው ሂጂ፤ የሚሸከምልሽ ሰው ያስፈልግሻል።